ሁለት ፅንስ በወሳንሳ

ባሌ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የላም አዳቃይ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ላይ የናይትሮጂን ኮንቴይነሩን አስሮ ከደባርቅ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ቆላው አፋፍ ሲዞር ይውላል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ከሩቅ አገር የመጣ የኮርማ ዘር በብርድ ደርቆ ተቀምጧል። ላሟ ኮርማ የፈለገች ዕለት ገበሬው ስልክ ይደውላል፣ ባሌ ይደርሳል፣ እስከ ትከሻው የሚደርስ የፕላስቲክ ጓንቱን አጥልቆ ሥራውን ይሠራል። በዘጠኝ ወሩ ጥጃ ይወለዳል። በየመንደሩ "ዶክተር" ነው የሚሉት። በእጁ ስንት ጥጃ እንደተወለደ እሱ ራሱ አያውቀውም። እኛ ግን ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሞልቶን ልጅ አልነበረንም።

ብትስቁ አልቀየምም፤ ደባርቅ ከእናንተ ቀድሞ ስቆበታል። አንድ የገበያ ቀን አንድ ገበሬ መንገድ ላይ አስቁሞን፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያለሁ፣ "ዶክተር፣ የእኛን ጓሮ ስታጠጣ የራስህ ደረቀ አይዶል?" አለው። ባሌ ሳቀ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቀልድ የሚገባኝ ዘግይቶ ነው፣ ንዴት ግን ወዲያው ይመጣልኛል። ገበሬውን ባፈጠጥኩበት ዓይን ከሆነ ላሙን ይዞ ሌላ ወረዳ ሳይሄድ አልቀረም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ለሳምንታት መርፌ ወስጄ እንቁላል ከእኔ ያወጣሉ፣ ከእሱም ዘር ይቀበላሉ፣ በብልቃጥ ያገናኟቸዋል፣ ፅንስ ሲሆን በቀጭን ቱቦ ማህፀኔ ውስጥ መልሰው ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ ፅንሱ የማህፀኑን ግድግዳ ይዞ ማደግ አለበት። የእኛ እስከዚያ ድረስ ሁሉን ያሟላል፤ መያዙ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት አልያዘም። በተከታዩ ዓመትም አልያዘም።

ሁለተኛው ሳይሳካ ሲቀር ባሌ ለእናቱ በስልክ "ይችም አልያዘች" ሲል ሰማሁት። በላሞች መዝገብ ላይ የሚጽፈው ቃል ነው። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን፣ "ስለ እኔ ስታወራ ስለ ላም በምታወራበት አፍ አታውራ" አልኩት።

"ሌላ አፍ የለኝም" አለ እያዘነ። እውነቱን ነበር።

ለምን እንዳልያዘ የማያውቀው ዶክተሩ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ያውቃል። የቤት አከራያችን ሎሚ አብዝቼ ስለምጠጣ ነው አሉ። ርእሰ መምህራችን የጠመኔ ብናኝ ነው አለ፤ የሥነ ሕይወት መምህራኑም ዝም አሉት። የሠፈር ጎረቤቴ ጥቁር ጫማ ማዘውተሬ አልጣማትም። አማቴ ግን ምርመራቸውን የጨረሱት ያለ ምንም ጥርጥር ነው። አማቴ የሚኖሩት ከዳባት ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው፤ በወተት ሥራ ያረጁ ሴት ናቸው። "ልጀ" አሉኝ፣ "ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ስትናጭ ሰንብተሽ ቅቤ ይወጣል እንጅ ልጅ ይቆያል?"

ሳቅሁ። ማታ ግን፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት፣ አባይ በረሃ ላይ መኪናው ሲዘል ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ እንደነበር አስታወስኩ።

ዶክተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ያገኘነው በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ነጭ ወረቀት አውጥቶ ያለንን አማራጭ በቁጥር መጻፍ ጀመረ። ባሌም የራሱን ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ ሳይ የወረዳ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

በመጀመሪያ ማህፀኔን በትንሽ ካሜራ ውስጡን ማየት ነበር፤ ፅንስ የሚያሰናክል እብጠት ወይም ጠባሳ እንዳለ ለማወቅ። ይህን አደረግን። ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ባሌ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ፎቶ ትክ ብሎ አይቶ፣ "ቆንጆ ነው!" አለ። ከልቡ ነው። ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ አድናቆት ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የደም ምርመራ መጣ፤ ታይሮይዱ፣ ስኳሩ፣ የደም መርጋቱ። ሁሉም ደህና። ከፅንሱ ላይ ጥቂት ሕዋስ ቆርጦ ውጭ አገር ልኮ ክሮሞዞሙን ማስቆጠርም ይቻላል አለን፤ ነገር ግን ከቀደሙት ሙከራዎች ተርፈው በብርድ የተቀመጡልን ሁለት ፅንስ ብቻ ስለሆኑ ለእነዚህ አልመክርም አለ። ከዚያ ይልቅ ሰውነቴ ከመርፌው ካረፈ በኋላ፣ የማህፀኔ ግድግዳ በደንብ የተዘጋጀበትን ቀን ጠብቀን እንድናስቀምጣቸው ፈለገ። አንዳንድ ቦታ የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች እንዳሉም አልደበቀንም። "ግን እንደሚሠሩ በደንብ አልተረጋገጠም፤ ተስፋ አልሸጥላችሁም" አለ። በዚህ ወደድኩት።

ከዚያ የሌላ ሴት እንቁላል የሚለው ላይ ደረሰ። ባሌ ደብተሩን ዘግቶ፣ "ይኼማ ቀላል ነው! በላም ብንሄድ..." ሲል እግሩን ረገጥኩት። ላም ላይ ቀላል እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ያቺን የማላውቃትን ሴት እዚያው ተቀምጬ ቀናሁባት። ዓይኗን ይዞ የሚወለድ ልጅ ታየኝ፤ ደግሞ ያንን ልጅ ፈለግሁት፤ ደግሞ በመፈለጌ አፈርኩ። አሁን አልወስንም አልኩ። የሌላ ሴት ማህፀን የሚለውን እዚህ እንደማይሠሩት ነገረን። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማቆምም እንዳለ፣ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወላጅ የሌለው ልጅ ማሳደግ እንደሚችል ነገረን። ይህን ሲል ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየኝም።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሆዴ ላይ መርፌ ያልገባበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። እዚያው ሁለታችን ተነጋገርን። እነዚህን ሁለቱን እናስቀምጣለን፤ ከያዙ ያዙ፤ ካልያዙ እንደገና መርፌ አልጀምርም። ባሌ እሺ አለ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሮ ለሦስት ዓመት ሲያስጨንቀው የኖረውን ጥያቄ ጠየቀው።

"ናይትሮጂናችሁን ማን ነው የሚሞላው?"

ለካ ባሌ የሚያስበው ይህን ኖሯል። በእሱ መሥሪያ ቤት ናይትሮጂኑ በሰዓቱ ሳይመጣ ቀርቶ ስንት የኮርማ ዘር እንደተበላሸ ያውቃል። ልጆቹም ያሉት ከዚያው ዓይነት ዕቃ ውስጥ ነው። ዶክተሩ በቀን በቀን እንደሚለካ ነገረው። ባሌ አልረካም፤ ካላየሁ አለ። ዶክተሩ ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ አልተዘጋጀም መሰለኝ፣ ወደ ውስጥ አስገብቶ አሳየው። ባሌ ኮንቴይነሩን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ስፋቱን ጠየቀና፣ መለኪያውን ዘንግ አስወጣና፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። "ከኛው በጣም ይሻላል" አለኝ። "ደህና ቦታ ነው ያሉት።"

ሁለቱን ፅንስ ያስቀመጡልኝ ዕለት ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ስትል አየሁ። ባሌ ራስጌዬ ቆሞ የዶክተሩን እጅ ነበር የሚያየው። "እጁ አይንቀጠቀጥም" ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ የሙያ ሰው ለሙያ ሰው የሚሰጠው ምስጋና ነው። ዶክተሩ መተኛት እንደማያስፈልገኝ፣ እንደ ልቤ መራመድ እንደምችል ነገረኝ። ባሌም፣ "ላሞቹም እኮ ተራምደው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት" ብሎ አጸናልኝ። ይህን ያለኝ ገና ከአልጋው ሳልወርድ ነው።

አማቴ ግን የራሳቸውን ዝግጅት ጨርሰው ነበር። ክረምቱን በእሳቸው ቤት እንድተኛ ወስነዋል። አውቶቡስ ቀረ፤ እስከ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከጎንደር ዳባት በአስፋልቱ ቀስ ብሎ በሚነዳ መኪና። ከዳባት ወዲያ ያለውን የሁለት ሰዓት ጭቃና ድንጋይ በተመለከተ ደግሞ "እሱን ለእኔ ተውት" አሉ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የማምነው ዶክተሩን ነው። ነገር ግን እምቢ ብዬ ፅንሱ ሳይዝ ቢቀር ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ነው። እሺ ብዬ ባይዝ ግን የማንም አይሆንም። ሒሳቡን እንዲህ ሠርቼ እሺ አልኩ።

ዳባት መናኸሪያ ስንደርስ ስምንት ወንዶች ወሳንሳ ይዘው ከአማቴ ጋር በካፊያ ውስጥ ቆመዋል። ወሳንሳ በሁለት ረጃጅም አጣና መካከል በጠፍር የተጠለፈ የሕመምተኛ አልጋ ነው። መኪና በማይገባበት መንደር ሁሉ የወሳንሳ ማኅበር አለ፤ ምጥ የጠናባትን፣ ከገደል የወደቀውን ተራ ይዘው ተሸክመው አስፋልት ያደርሳሉ። ከአስፋልት ወደ መንደር ግን ደህና ሰው ተሸክመው አያውቁም። የማኅበሩ ዳኛ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሸክም ተራ በዕድሜ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። "ለዚች ግን እኔው ራሴ እገባለሁ" ብለው በፊት በግራ በኩል ቆመዋል።

"አባባ፣ እኔ እኮ መራመድ እችላለሁ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጀ፣ ትችያለሽ" አሉኝ። "እነሱ ናቸው የማይችሉ።" ወደ ሆዴ ጠቆሙ።

ተጋደምኩ። ባሌ የሚይዘው አጥቶ ቦርሳዬን ይዞ ከኋላ ተከተለ።

ነገሩ ምስጢር እንዲሆን አማቴ ሁሉንም አስምለዋቸዋል። ምስጢሩ ግን በጣም አስቸጋሪ ሆነ። በእኛ አገር ወሳንሳ ያጋጠመው መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ፣ "እግዜር ይማርሽ" ብሎ፣ ጥቂት ርቀት ሳያግዝ አያልፍም። ሲያግዝ ደግሞ ይጠይቃል። ምኗን ነው ያመማት? ተሸካሚዎቹ አስቀድመው ምን እንደሚሉ አልተማከሩም። የፊቱ "እግሯን ነው" ይላል፤ የኋላው "ጨጓራዋን" ይላል፤ መካከል ያለው ትንሽ አስቦ "ገና አልታወቀም" ይላል። አንድ ጤፍ የጫነ ሰው ግራ ገብቶት እኔኑ ጠየቀኝ። እኔም ደንግጬ "ጥርሴን" አልኩት። ሰውየው ወሳንሳውንም፣ ስምንቱንም ሰው፣ እኔንም በየተራ አይቶ፣ "የከተማ ሰው" ብሎ አህያውን ነዳ።

ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ጠና። አማቴ ላስቲክ አውጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ ሸፈኑኝ። አዲሱን ነጠላቸውንም ጥለቱ ጭቃ እንዳይነካው ወደ አንገታቸው አዙረው ለበሱት። ነጠላ እንዲያ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ሰው ሲሞት መሆኑን በዝናቡ ውስጥ ማንም ልብ አላለም። ስምንት ወንዶች ዝም ብለው ይራመዳሉ፣ ከፊታቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ አሮጊት፣ ከኋላቸው ቦርሳ ያቀፈ ባል፣ መካከል ላይ ተሸፍኖ የተኛ ሰው።

ወዲያ ካለ መንደር ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ከታጠፊያው ላይ ብቅ አሉ። ከመካከላቸው አንዷ አማቴን የምታውቅ ሴት ነበረች። ዓይኗ ነጠላቸው ላይ እንዳረፈ "ዋይ! ዋይ! ዋይ!" ብላ ደረቷን እየመታች መጣች። አማቴ ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋ የራሷን መርዶ የምትነግራቸው መሰላቸው። የለቅሶ ሰዎች ናቸው፤ ማን ሞቶባት ይሆን? እሳቸውም "ዋይ እኅቴን!" ብለው ተቀበሏት። ተቃቅፈው አለቀሱ። እያንዳንዳቸው የሚያጽናኑት ሌላኛዋን ነው። ተሸካሚዎቹ ወሳንሳውን አውርደው ባርኔጣቸውን አነሱ፤ አንዱም እንባውን ሲጠርግ በላስቲኩ በኩል ታየኝ።

እኔም ማን ሞተ ብዬ ደንግጬ ጆሮዬን አቆምኩ። ሴትዮዋ እንባዋን እያወረደች ሟቿን መቁጠር ጀመረች። አስተማሪዋን አለች። የደባርቋን አለች። "ልጅ ሳትስም፣ ስሟን የሚጠራ ሳታስቀር!" አለች።

ለካ የሞትኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት አስቤበት አልነበረም። ላስቲኩን ገልብጬ ቁጭ አልኩና "አልሞትኩም!" ብዬ ጮኽኩ። ሴትዮዋ በስመ አብ ብላ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ሰዎች አማትበው ወደመጡበት ሮጡ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቀሩ። አማቴ ግን በትንሣኤዬ አልተደሰቱም። ትከሻዬን ይዘው መልሰው ጋደም አደረጉኝና፣ "ተኝ! አትነሽ! ጨርሰሽ ልትጥያቸው ነው?" አሉኝ። ቄሱ "ምናቸውን?" ብለው ጠየቁ። አማቴ "ምስጢር ነው" አሉና ከብልቃጡ ጀምረው እስከ ናይትሮጂኑ ድረስ ሁሉንም ነገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ዳባት ገበያ ሁሉ አውቆት ነበር።

እኔ ላስቲኩ ሥር ሆኜ በጣም ሳቅሁ። ስስቅ ደግሞ ያቺ ሴት ያለችው ነገር አብሮ ይመላለስብኛል። እንባዬ የትኛው እንደሆነ እኔም አልለየሁትም።

መንደሩ አቅራቢያ አንዲት ወንዝ አለች፤ በበጋ ዘለው የሚያልፏት፣ በክረምት ጉልበት የምትደርስ። እዚያ ላይ ዳኛውን ድንጋይ ከዳቸው። በአንድ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። ወሳንሳው ወደ ግራ ዘመመ፣ እኔም አጣናውን አቀፍኩ። ሰባቱ እግራቸውን ተክለው ያዙ፣ አልወደቅሁም። ውኃም አልነካኝም። ግን ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ አማቴ አጣናውን በእጃቸው ይዘው ነው የሄዱት።

አማቴ ቤት አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ያኔ የወጣብኝ ሕግ የእስር ቤት ሕግ ነው። ማስነጠስ በሁለት እጅ ሆድ ይዞ ነው። ማሳል አይወደድም። መሳቅ ጭራሽ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በሠፈሩ የታወቁ ቀልደኛ የሆኑ ጎረቤት በር ላይ ታገዱ። ሰውየው ግን በመስኮት በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን አጥብቀው ኮስተር ያደርጉታል፤ ያ ከቀልዳቸው ሁሉ የባሰ ያስቀኝ ነበር። ትራሱን አፌ ላይ እይዛለሁ። ባሌ በሞተሩ መምጣት እስከሚቻልበት መጥቶ ቀሪውን በእግሩ እየደረሰ በየሁለት ቀኑ ይጠይቀኛል። ሲገባ ፊቴን፣ ከዚያ ሆዴን፣ ከዚያ እናቱን ያያል። ላም እንኳ ሃያ አንድ ቀን ይጠበቃል ይላል ለራሱ።

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ተስፋ አድርጌ አላውቅም። ሁለት ስም መርጬ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ ስመለስ ደም አየሁ። ጥቂት መሰለኝ። ከዚያ ጥቂት እንዳልሆነ አወቅሁ። ወደ ቤት ገብቼ አማቴን፣ "እማማ፣ አልሆነም" አልኳቸው። ወደ ደጅ ወጥተው ዶሮዎቹን በሙሉ ድምፃቸው ሰደቧቸው፤ አንዷንም አላስቀሩም። ተመልሰው መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡና ራሴን ጭናቸው ላይ አደረጉት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባሌ በማግስቱ ወደ ጎንደር ወስዶኝ ደሜን አስመረመረ፤ መልሱ ያወቅነው ነበር። ዕቃዬን ልወስድ ወደ መንደሩ ስንመለስ በእግሬ ሄድኩ። ያቺን ወንዝም ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኳት።

በነጋታው ልንሄድ ስንሰናዳ የማኅበሩ ዳኛ መጡ። ጉልበታቸው በጨርቅ ታስሯል። ግቡ ቢባሉ አልገቡም፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ አልተቀመጡም። ደጃፉ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ስለ ነገር ነው የመጣሁ" አሉ። "የማኅበሩን ሕግ ታውቂዋለሽ ልጀ?"

አላውቀውም አልኩ።

"ሕመምተኛ ያዘመመ ሰው፣ ተራው ባይሆንም ቀጥሎ ሦስት ሕመምተኛ ይሸከማል። እኔ አንዱን ትናንት አደረስሁ። ሁለት ይቀረኛል። ዳኝነቱንም አስረክቤያለሁ።" በትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ሰባቱ ጥፋት የለባቸውም። እነሱን እንዳትቀየሚ። ልጆችሽን የጣልኋቸው እኔ ነኝ።"

እውነቱን ልናገር። ለአንድ አፍታ ጥፋቱን ልተውላቸው ፈለግሁ። ስንት ዓመት የጣለውን ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ በየለሊቱ ሳልተኛ ስፈትሽ የማገኘው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ ራሴን። ያነሳሁት ባልዲ፣ የወጣሁት ደረጃ፣ ዘግይቼ ማግባቴ፣ ተማሪ ሳለሁ የተናደድኩት ንዴት ሳይቀር። አሁን ደግሞ አንድ ደግ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አስረው መጥተው ይህን ሸክም እኔ ልውሰደው ይላሉ። አዎ እርስዎ ነዎት ብል ቀለል ይለኝ ነበር።

"አባባ" አልኩ፣ "የሰናፍጭ ፍሬ አያክሉም ነበር። አንድ ሰው በእጁ ይዞ የሚጥላቸው አልነበሩም። እርስዎ ወሳንሳውን ነው ያዘመሙት፤ እነሱ ግን አልተነቃነቁም። ባያዘሙትም ኖሮ ይኼው ነበር።"

"ዶክተሩ ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ዶክተሩም ብሏል። እኔም እላለሁ።"

ወደ ባሌ ዞሩ፤ በከብቶቻቸው ነገር እሱን ያምኑታል። ባሌ አንገቱን ነቀነቀና "እውነቷን ነው" አለ። "እኔም ያን ቀን ወንዙ ዳር ዝም ብዬ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ" አለ ቀጥሎ።

"አንተም አልጣልካቸውም" አልኩት።

አማቴ ከጓዳው በር ሆነው ሲሰሙ ነበር። "በወሳንሳ ትምጣ ያልሁ እኔ ነኝ እንጅ" አሉ። "ተኝታ እንኳ አላሳረፍኋት።"

"እርስዎም አልጣሉም እማማ።"

"እንግዲያ ማን ነው የጣላቸው?" አሉ ሽማግሌው።

"ማንም።"

"ማንም?"

ሦስቱም አዩኝ። የቀረ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም፤ እነሱም ያንን ያወቁት ይመስለኛል።

"እኔም አልጣልኳቸውም" አልኩ። ይህን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልኩት፤ ጮክ ብዬም ሳልናገረው አልቀረሁም፣ እኒያ ኮስታራ ቀልደኛ ጎረቤት ከአጥሩ ወዲያ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አየኋቸው።

ሽማግሌው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ገቡ፣ ተቀመጡም።